ቤት ነሽ አይደል?

ፕሮግራመር መሆን ከባድ ነው ይላሉ። እኔን የሚከብደኝ ፕሮግራመርነቱ ሳይሆን ቤት ተቀምጦ ፕሮግራመር መሆኑ ነው። ኮድ ሲበላሽ ቢያንስ የትኛው መስመር ላይ እንደተበላሸ ይናገራል። ሰው ግን በሩን ገርበብ አድርጎ "ቤት ነሽ አይደል?" ይልና ልጁን፣ ምድጃ ላይ የጣደውን ሽሮ ወይ የሚመጣለትን ዕቃ አደራ ብሎኝ ይሄዳል። አዎ፣ ቤት ነኝ። ሥራዬም እዚሁ ቤት ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ይሰማል፣ ሁለተኛውን የሚሰማኝ ጥቂት ነው።

የምሠራው አዲስ አበባ ላለ አንድ ትንሽ ድርጅት ነው። የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ ሰው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነው። በመካከላችን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ስላለ አለቃዬን የማየው በስክሪን ነው። ድርጅቱ ለክሊኒኮች የካርድና የቀጠሮ ሲስተም ይሠራል። የኔ ድርሻ ከጀርባ ያለው ነው፤ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ፣ መልእክት የሚልከው ክፍል፣ ቀን የሚቆጥረው ክፍል። ሰው የሚነካውን ቁልፍና የሚያየውን ቀለም የሚሠራው ሌላ ልጅ ነው። ስለዚህ ለዘመድ "ይኸው፣ ይሄን ሠራሁ" ብዬ የማሳየው ነገር የለኝም። ያለኝ ጥቁር ስክሪን ላይ የተደረደረ ነጭ ጽሑፍ ነው። እሱን ሲያዩ ደግሞ የሚያዝኑልኝ ይመስለኛል።

ባለቤቴ አስተማሪ ነው። ጠዋት ሸሚዙን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል፣ ሥራ መሄዱን የሚጠራጠር የለም። እኔ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ በስሊፐር፣ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ጥግ ነው የምሄደው። ወንድ ብሆን ይሄ "ቤት ነሽ አይደል" ይመጣብኝ ነበር ወይ እላለሁ አንዳንዴ። አይመጣም። ወንድ ቀን ቀን ቤት ከዋለ "ምነው፣ አመመው?" ይባላል እንጂ ጀበና ጣድ አይባልም። ባለቤቴም ቢሆን ደግ ሰው ነው፣ ግን ከትምህርት ቤት ደውሎ "ቤት ስለሆንሽ እስኪ ያንን ሰውዬ ጠብቂልኝ" ይለኛል። ሰውዬው ቧንቧ ሠሪ ነው። ቧንቧ ሠሪ ደግሞ እመጣለሁ ባለበት ሰዓት አይመጣም፣ ስብሰባ ስገባ ነው የሚመጣው።

እማዬ ከኛ ጋር ናት። መጀመሪያ አካባቢ እሷም አልገባትም ነበር። "ልጀ፣ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ አፍጥጠሽ ዓይንሽ ሊጠፋ ነው፣ ተነሽና ከሰው ተጫወቺ" ትለኝ ነበር። ሰርቨር፣ ዳታቤዝ ምናምን ብዬ ባስረዳትም አልሆነም። አንድ ቀን ግን ክሊኒክ ቀጠሮ ነበራትና ስልኳ ላይ የማስታወሻ መልእክት ገባ። የላከው የኛ ሲስተም ነው። መነጽሯን ፈልጋ አነበበችው። "ይሄን የላክሁልሽ እኔ ነኝ" አልኋት። "እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠሽ? በአፍሽ አትነግሪኝም ነበር?" አለች። ምን ይባላል። ከጎን ያሉት እትዬም ያው መልእክት እንደደረሳቸው ስትሰማ ግን ነገሩ ተለወጠ። አሁን ዘበኛዬ ናት። ሰው ሲመጣ ገና ከበሩ "ስብሰባ ላይ ናት" ትላለች። ስብሰባ ባይኖርም ስብሰባ ላይ ነኝ። ባለፈው እሑድ ተኝቼ ሁሉ ስብሰባ ላይ ነበርሁ።

ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ። የጀግንነት ጉዳይ አይደለም። በዚያ ሰዓት ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ኔትወርኩ ይፈጥናል፣ መብራትም አብዛኛውን ጊዜ አለ። የቅዳሴው ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ጎንደር የ44 ታቦት ከተማ ትባል የለ። ማሰብ የሚጠይቀውን ሥራ ያን ጊዜ እሠራለሁ። 1 ሰዓት ላይ ልጄ ትነሳለች። ከዚያ በኋላ ፊት ማጠብ፣ ፍርፍር፣ ጸጉር ማበጠር፣ አንድ እግሩ የጠፋ ካልሲ ፍለጋ ነው። ባለቤቴ ትምህርት ቤት ያደርሳታል። 3 ሰዓት ተኩል ላይ የጠዋት ስብሰባችን ነው፤ ስታንድአፕ ይባላል፣ ትናንት ምን ሠራሽ፣ ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ የሚባልበት።

ውኃ የሚመጣውም ያኔ ነው።

ጎንደር የኖረ ሰው ይሄን ይረዳል። ከተማው ሰፋ፣ ሰው በዛ፣ የአንገረብ ግድብ ደግሞ በየክረምቱ ደለል እየገባበት ነው። ስለዚህ ውኃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃው ግን ቃሉን አይጠብቅም። ሲመጣ ግቢው በአንዴ ይንጫጫል። አከራዮቻችን ሮቶ አላቸው፣ እኛ በርሜልና ጀሪካን ነው ያለን። ያን ጊዜ ማይኬን ዘግቼ፣ ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ከትቼ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እሰማለሁ። ተራዬ ሲደርስ "ትናንት የመልእክቱን ክፍል ጨርሻለሁ፣ ዛሬ ቀኑን እፈትሻለሁ" እላለሁ፤ ከኋላዬ የጀሪካን ጋጋታ ነው። የአዲስ አበባዎቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። አሁን ቲሙ ውስጥ "ውኃ መጣ" እንደ ፈቃድ ይቆጠራል፣ ማንም ለምን አይልም።

ስለመልእክቱ ትንሽ ላውራ፣ ሥራው ደስ ስለሚለኝ ነው።

አንድ የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 7 ቢት ብቻ ስለሚወስድ 160 ፊደል ይገባል። የኛ ፊደል ግን በዚያ የ7 ቢት ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። አማርኛ ሲላክ እያንዳንዱ ሆሄ 16 ቢት ይወስዳል፣ ስለዚህ የሚገባው 70 ሆሄ ነው፣ ክፍት ቦታውም ተቆጥሮ። 70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል። ክፍልፋዮቹን ስልኩ መልሶ እንዲገጣጥማቸው ተጨማሪ መረጃ ስለሚገባ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል የሚይዘው 67 ብቻ ይሆናል። ክሊኒኩ የሚከፍለው በክፍል ነው። ሁለት ክፍል ከሆነ ሁለት መልእክት ላከ ማለት ነው።

ለዚህ ነው አንዳንድ ድርጅቶች አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚልኩት። ሒሳቡ ይገባኛል፣ ግን አልወደውም። እማዬ ዳዊት ትደግማለች፣ ጋዜጣም ካገኘች ታነባለች፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን አታውቅም። ቀጠሮ የሚረሱት ደግሞ በአብዛኛው እንደሷ ያሉት ናቸው። ለነሱ በማይነበብ ፊደል ማስታወሻ መላክ ምን ይሉታል? ደግሞ ቁጠባውም እንደሚታሰበው አይደለም። ሙሉው በላቲን የተጻፈ መልእክት መጨረሻ ላይ አንዲት አራት ነጥብ ከገባች መልእክቱ እንዳለ ወደ 16 ቢት ይዞራል፣ 160 የነበረው 70 ይሆናል። አንድ ደንበኛችን ወጪው ለምን እንደጨመረ ሲያስጠይቀን ያገኘነው ይሄንን ነው። የመልእክቱን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ልጅ አማርኛ እንዲመስል ብላ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አድርጋለች። ልጅቷ አማርኛ አክባሪ ናት፣ ምን ታድርግ።

በዚያ ላይ ፊደላችን ራሱ ቁጥብ ነው። ተነባቢውና አናባቢው አንድ ላይ ስለሚጻፍ "ሰላም" ሦስት ሆሄ ነው፣ በላቲን አምስት። ይሄን እዩት፦

«ነገ ማክሰኞ ጥቅምት 12 ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሐኪም ቀጠሮ አለዎት። ካርድዎን ይዘው ይምጡ።»

ከነክፍት ቦታው 56 ነው። ፊቱ ላይ "ውድ ደንበኛችን፣" ሲባል 67 ይሞላል፣ ከዚያ ወዲያ የሰው ስም አይገባም። እኔ ስሙ ይግባ፣ ውድ ደንበኛችን ይውጣ አልሁ። አለቃዬ ትሕትናውስ አለ። ትሕትናው "አለዎት" ውስጥ አለ አልሁት። ሰርቨሩን ከመምረጥ ይልቅ ይሄን መወሰን ረዘመብን። በመጨረሻ ስሙ ገባ። ነጠላ ሰረዙና ክፍት ቦታው ሲቀነሱ ለስም የሚተርፈው 12 ሆሄ ነው፣ ከዚያ የበለጠ ስም ያለው ሰው በራሱ ስም ብቻ ይጠራል፣ የአባቱ ይቀራል። ወልደገብርኤሎች ይቅር በሉኝ።

አሁን ደግሞ እዚያች መልእክት ውስጥ ያለችውን 3 ሰዓት ተመልከቱ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ 3 ብላ ታስገባለች። ኮምፒውተሩ ላይ 9 ነው። ዳታቤዙ የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነና ኢትዮጵያ ከዚያ 3 ሰዓት ስለምትቀድም እዚያ 6 ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ቀጠሮ፣ ሦስት ቁጥር። ደግነቱ እንደ ፈረንጆቹ በክረምትና በበጋ ሰዓት አናዛውርም፣ ያ ቢጨመርበት ሥራ እቀይር ነበር። "ነገ" የምትለዋም ቀላል አይደለችም። ማሽኑ ቀን የሚቀይረው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። እኛ ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ "ለማክሰኞ አጥቢያ" እንላለን፣ ማክሰኞ ገና የምትነጋ ናት። በዚያ ሰዓት "ነገ" የሚል መልእክት ቢሄድ ማሽኑ ረቡዕን ማለቱ ነው፣ እንቅልፍ ያጣው ሰውዬ ማክሰኞ ይመስለዋል። ስለዚህ የቀኑን ስም እንጨምራለን፣ መልእክቱም ከማታ 2 ሰዓት በኋላ አይወጣም። ሌሊት ስልክ ሲጮህ ደግሞ መርዶ የሚመስላቸው አሉ፣ እሱም ሌላ ምክንያት ነው።

ቀን መምረጫው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ማሳየት ብቻ ከሆነ ዛሬ ብራውዘሮች ቀኑን በኛ አቆጣጠር መጻፍ ይችላሉ። ማስገባቱ ላይ ነው ችግሩ። ተዘጋጅተው የሚገኙት ቀን መምረጫዎች 12 ወር ነው የሚያውቁት፣ ጳጉሜን የት ትቀመጥ? ስለዚህ የራሳችንን ሠራን። እሱን ስፈትሽ አንድ ከሰዓት በኋላ አከራያችን አባባ በመስኮት አዩኝና ምን እየሠራሽ ነው አሉኝ። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። ጳጉሜ መቼ 6 እንደምትሆን ኮምፒውተሩ በትክክል ማወቁን እያየሁ ነው አልኋቸው። ሳቁ። "በዘመነ ሉቃስ ነዋ። ይሄ ምን ኮምፒውተር ያስፈልገዋል?"

ከዚያ ሒሳቡን ነገሩኝ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምሪና ለ4 ትካፈያለሽ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። የኔ ኮድ ላይ የተጻፈው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ናት ይላል። 5500 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ሁለቱ አንድ ናቸው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜ 6 ሆነች፣ የ2016 መስከረም 1ም በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ዋለ። ቀጣዩ 2019 ነው። አባባ ወደኋላም ወደፊትም ዓመታቱን በቃላቸው ዘረዘሩልኝ፣ እኔም እንዳሉ ሙከራው ውስጥ አስገባኋቸው። እስከዛሬ ግቢ ውስጥ ሲያገኙኝ "ማሽኗ አለፈች?" ይሉኛል። አልፋለች።

የስሙን ነገር ባጭሩ ልበለው። ካርድ ክፍል አንዷ "ፀሐይ" ብላ መዝግባት፣ ሌላዋ "ጸሀይ" ብላ ከፈለገቻት አትገኝም፣ አዲስ ካርድ ይወጣላታል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ለኮምፒውተሩ ሁሉም የተለያዩ ናቸው። ፍለጋው ላይ አንድ እናደርጋቸዋለን፣ ሲታይ ግን ሰውዬው እንደጻፈው ይቀመጣል። አንዳንድ ልጆች "ከነአካቴው አንዱን መርጠን ሌላውን እንጣለው" ይላሉ። የሰው ስም ነው፣ እኛ ማን ነን የምንጥለው።

ቡና 9 ሰዓት ላይ ነው፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። መጀመሪያ አቦል ብቻ ጠጥቼ ልነሳ ሞክሬ ነበር። እትዬ "አቦል ጠጥቶ መነሳት ደግ አይደለም፣ ቁጭ በይ" አሉኝና ቁጭ አልሁ። ቶናውም በረካውም እንደዚሁ። ስለዚህ መላ ዘየድሁ፣ ጭንቅላት የማይፈጀውን ሥራ ወደዚያ ሰዓት አዛወርሁት። የሌሎችን ኮድ ማየት፣ ለቴሌግራም መልእክት መመለስ፣ ሙከራ ማስሮጥ። ረከቦቱ ወዲህ፣ ላፕቶፑ ወዲያ፣ ቆሎው መሃል ላይ። ሰው እየተጫወተ ኮድ ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ ግን አይቻልም፤ ይሄ በተግባር የተረጋገጠ ነው። ማኅበር ካለ ደግሞ ቀድሜ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ለቅሶ ሲሆን ላፕቶፑ ይዘጋል። አለቃዬም ቢሆን ለቅሶ ሲሉት ምንም አይልም፤ ማኅበር ግን አይገባውም፣ "ስብሰባ ነው?" ይለኛል። በቃ ስብሰባ ነው በለው።

ፒያሳ ካፌ ሄደሽ ለምን አትሠሪም የሚሉኝ አሉ። ሄጄ አይቻለሁ። ሙዚቃው ከፍ ያለ ነው፣ ሶኬት የለም፣ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን የምትቀመጥ ሴት ደግሞ አስተናጋጁ በዓይኑ ነው የሚያባርራት። ትክክልም ነው፣ እሱም ሥራው ነው።

ጥር ሲመጣ የራሴ ሕግ አለኝ። ከጥር 9 እስከ 13 ሰርቨሩ ላይ ምንም አዲስ ነገር አይወጣም። 10 ከተራ ነው፣ ታቦታቱ በቀሃ ወንዝ ውኃ ወደተሞላው የፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ። 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ። ከተማው ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፣ ያ ሁሉ ሰው ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ሲልክ ኔትወርኩ የት ይገኛል። ቤቱም እንደዚያው ነው። የሥራ ጠረጴዛዬ ተነስቶ ግድግዳ ላይ ይደገፋል፣ ቦታው ላይ ፍራሽ ይነጠፋል፣ የአክስት ልጆች ይተኙበታል። ይሄን ለቲሙ መጀመሪያ ስነግራቸው ያጋነንሁ መሰላቸው። ዘንድሮ አለቃዬ ራሱ ለጥምቀት እመጣለሁ ብሏል፣ የት እንደምናስተኛው አላውቅም።

የቀረው መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያል፣ ወዲያው የሚሞተው ራውተሩ ነው። ለዚህ የኮድን ለውጥ እየመዘገበ የሚያስቀምጠውን ፕሮግራም፣ ጊትን፣ አመሰግናለሁ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ለሲስተሙ እምብርት፣ ብሎ ሲሠራው፣ እያንዳንዱ ሰው የኮዱን ሙሉ ታሪክ በራሱ ማሽን ላይ እንዲይዝ አድርጎ ነው። ኢንተርኔት ሳይኖር ኮሚት ይደረጋል (ለውጡ እዚያው ማሽን ላይ ይመዘገባል)፣ ሲመጣ ፑሽ ይደረጋል (ወደ ሰርቨሩ ይላካል)። የፊንላንድ ሰው ነው እንጂ የጎንደርን መብራት ያየ ይመስላል። የማነባቸውን መመሪያዎች ሁሉ አውርጄ አስቀምጫለሁ፣ ዳታቤዙም ላፕቶፔ ላይ አለ፣ ትልልቅ ፋይል የማወርደው ሌሊት ነው። መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ ሥራዬን ቆራርጬ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግሁ ኮሚት ማድረግ ለመድሁ። ኮዴን የሚያየው ልጅ "ያንቺ ለማንበብ ይቀላል" ይለኛል። ይሁን፣ ግን ለዚህ ብዬ መብራት ያጠፋብኝን አላመሰግንም። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜስ ይሄም አልበቃም፤ ኮዱን በፍላሽ ይዤ መስመር ያለው ቢሮ ፍለጋ እዞር ነበር። ያኔ አዲስ አበባ የገቡ ጓደኞች አሉኝ። ስለሱ ሌላ ጊዜ።

መብራት ሲሄድ ራውተሩን በባትሪ እንድታቆይ የገዛኋት ትንሽ ዩፒኤስ አሁን ደክማለች፣ መብራት ሲሄድ አሥር ደቂቃ ሳትሞላ ትጠፋለች። ያያት ባለሙያ "ባትሪው ነው፣ ሌላው ደህና ነው" ብሎኛል። የራውተሩ መስመር 12 ቮልት ነው። ቅዳሜ ገበያ ዙሪያ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ያገኘሁት ሁሉ የሞተር ሳይክል ባትሪ ነው፣ እሱ ደግሞ ቤት ውስጥ ልጅ ባለበት አይመቸኝም። ጎንደር ውስጥ የዚህችን ትንሿን ባትሪ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ስትመጡም ከ9 ሰዓት በኋላ ኑ።